ፍሳሽን ማራቅ ማጽዳት አይደለም

ከሰበካ ጉባኤያት ጋር ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ስንመክር አዘውትሮ የሚነሣው ጥያቄ «ፍሳሹን ወዴት እናውጣው?» የሚል ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም «ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ጸድቷል?» የሚለው ነው። የሁለቱን ልዩነት የሚያሳየንን አንድ ምሳሌ ከባሕር ማዶ እንመልከት።

አርኬታ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በሃምቦልት ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ፣ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎች ያሏት አነስተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ግዛቱ ለውኃው ጥቅም የሚያስገኝ ካልሆነ በቀር ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤ እንዳይለቀቅ ደነገገ። የቀረበውም መፍትሔ የአካባቢውን ከተሞች ፍሳሽ በቧንቧ ሰብስቦ ወደ ውቅያኖስ የሚለቅ ታላቅ ማጣሪያ መገንባት ነበር። አርኬታ ግን የወጪውን ክብደት ተመልክታ ሌላ መንገድ ፈለገች። የአካባቢ መሐንዲሱ ሮበርት ጊርኸርትና የዓሣ ሀብት ባለሙያው ጆርጅ አለን ረግረጋማ ሥፍራ ፍሳሽን ለማጽዳት እንደሚረዳ በሙከራ አሳዩ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1986 በሙሉ አቅሙ ተጀመረ። የቆሻሻ መጣያ የነበረበት የተጎሳቆለ የባሕር ዳር መሬት ዛሬ ከ120 ሄክታር በላይ የሚሸፍን የአዕዋፍ መጠለያ ሆኗል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል የጸና ነው። በመጀመሪያ የብረት ወንፊት ጨርቅና ፕላስቲኩን ይይዛል፤ አሸዋውም ይለያል። ቀጥሎ ፍሳሹ በማዝቀጫ ገንዳ ሲረጋ ከባዱ ዝቃጭ ከታች ይቀራል፤ ለብቻውም ተወስዶ እንዲብላላ ይደረጋል። ውኃው ከዚያ ወደ ሰፋፊ ኩሬዎች ይፈስሳል። በኩሬዎቹ ውስጥ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ባክቴሪያዎችም በዚያ ኦክስጅን እየታገዙ የቀረውን ብስባሽ ይመገባሉ። በአራተኛው ደረጃ ውኃው ፊላና መሰል ተክሎች ወደ በቀሉበት ረግረግ ይገባል።

ብዙዎች ቆሻሻውን የሚመጥጠው ተክሉ ይመስላቸዋል። ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው፦ የተክሉ አገዳ የውኃውን ፍጥነት ስለሚገታ ጥቃቅኑ ዝቃጭ ይረጋል፤ አገዳው ላይ የሚለጠፈው ልምላሚ የባክቴሪያዎች ማደሪያ ይሆናል፤ ጥላውም ብርሃን ስለሚከለክል ከኩሬው የመጣው አልጌ ይሞታል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ውኃው ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚለቀቀው ጀርም ከተገደለበት በኋላ ነው። የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና፤ ለዓይን ኩልል ያለ ውኃ የኮሌራን ጀርም ሊሸከም ይችላል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙ አድባራትና ገዳማት በሐይቅ ዳር፣ በወንዝ አፋፍና በጸበል ምንጭ አጠገብ ይገኛሉ። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ በሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የአርኬታን ያህል ሥራ ከአንድ አጥቢያ አይጠበቅም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ለሁሉም ያገለግላል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን እንዲያረጋግጡ እንመክራለን። አንደኛ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውኃው በታች ባለው ተዳፋት ይቆፈር፤ ወለሉም በክረምት ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ሁለተኛ፣ የማዕድ ቤት እጣቢ ቅባቱና ዝቃጩ በገንዳ ከተያዘ በኋላ እንጂ በቀጥታ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ሦስተኛ፣ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ዝቃጩን ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ እንደሚጠርግ በቃለ ጉባኤ ይወሰን፤ ጠባቂ የሌለው ገንዳ ሞልቶ ሲፈስ ከነበረው የባሰ ጉዳት ያስከትላልና።

በክብረ በዓል ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን በደጃችን ያድራሉ። እነርሱ በረከት ይዘው ሲመለሱ፣ ከቁልቁለቱ በታች ያለው መንደር ከእኛ በወረደ ውኃ ሊታመም አይገባውም።