የአረጋውያን ፊዚዮቴራፒ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፦ አገልግሎቱ የት ይገኛል? የአስታማሚውስ ድርሻ ምንድን ነው?

አንድ አባት ወይም እናት በስትሮክ ሲመቱ፣ ወይም ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ሲሰበር፣ ቤተሰብ በአብዛኛው አክብሮቱ የሚያዘውን ያደርጋል። አልጋ ይነጠፋል፣ ምግብ በእጅ ይጎረሳል፣ «ልነሳ» ሲሉም «ይረፉ፣ እኛ አለንልዎ» ይባላሉ። ይህ እንክብካቤ ከቅንነት የመነጨ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም በርካታ አረጋውያን መራመድ የሚያቆሙት በሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ተከትሎ በሚመጣው ረጅም መኝታም ጭምር ነው። በጤናማ አረጋውያን ላይ በተካሄደ ጥናት ለ10 ቀናት አልጋ ላይ መዋል ብቻ ከእግር ጡንቻ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ እንደሚያሳጣ ታይቷል። ጤና በጎደላቸው ላይ ጉዳቱ እንደሚብስ መገመት አያዳግትም።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ለማቋቋምና ለመርዳት ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ፊዚዮቴራፒ ይህ ድጋፍ በተግባር ከሚገለጽባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። አንዳንድ ተገልጋዮች አገልግሎቱን «ማሸት» ብቻ አድርገው ይረዱታል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቱ የታማሚውን ጡንቻ፣ መገጣጠሚያ፣ ሚዛንና አረማመድ መርምሮ ለግለሰቡ የሚስማማ እንቅስቃሴ ያዝዛል። ታማሚው ራሱ ካልተንቀሳቀሰ ውጤት አይገኝም።

ጎንደር ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን የጀመረው ተቋም፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፊዚዮቴራፒስቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ በማሠልጠን በሀገራችን ቀዳሚ ነው። ከዚያው ዘመን መጨረሻ ጀምሮም አገልግሎቱን ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የሚያደርስ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል።

የአረጋውያን መጦሪያ ተቋማት በበዙባቸው ሀገራት ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘውን እንቅስቃሴ በየዕለቱ የሚያሠራ ረዳት ባለሙያ አለ። ረዳቱ ሕክምና አያዝዝም፤ ያነሳል፣ ይደግፋል፣ ይቆጥራል፣ ያየውን ለውጥ መዝግቦ ለባለሙያው ያሳውቃል። በሀገራችን እንዲህ ያሉ ተቋማት ጥቂት ናቸው፤ በስፋት የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ አብዛኛው አረጋዊ የሚኖረው ከልጁ፣ ከዘመዱ ወይም በጎረቤት እርዳታ በገዛ ቤቱ ነው። ስለሆነም የረዳቱ ሥራ በልጅ፣ በምራት ወይም በቅጥር አስታማሚ እጅ ላይ ይወድቃል። ሥራው ግን ብልሃት ያለው በመሆኑ ሳይማሩት ሊሠሩት አይገባም።

አገልግሎቱን ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መቅረብና እንደ ሕመሙ ክብደት ወደ ሆስፒታል የሚልክ የሪፈር ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን ሊይዙ ይገባል። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን በራስ ላይ ሊያስቀር ይችላል። መክፈል የማይችሉ ወገኖች በቀበሌ ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ ጥያቄያቸውን ለቀበሌው ያቅርቡ። ድንገተኛ ስትሮክ ግን ወረቀት የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ታማሚው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

እዚህ ላይ የርቀትን ነገር ማንሳት ግድ ይላል። ደባርቅ ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የጃናሞራና የበየዳ ነዋሪ ደግሞ ደባርቅ ለመድረስ ራሱ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ስትሮክ የመታውን አባት በየሳምንቱ አሳፍሮ ማመላለስ ለብዙ ቤተሰብ የማይሞከር ነው። በዚህም ምክንያት ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት ያለው ቀን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የሚያስታምመው ሰው ራሱ ይገኝ። ሆስፒታል ሄዶ የሚያድረው ወንድ ልጅ፣ ቤት የምታስታምመው ግን ምራት የምትሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ትምህርቱም መንገድ ላይ ይቀራል። አስታማሚዋ እንቅስቃሴዎቹን ባለሙያው ፊት ሠርታ ታሳይ፣ የትኛው ስንት ጊዜ እንደሚሠራና የትኛው እንደተከለከለም በጽሑፍ ይሰጣት።

ከመቀመጫ ማስነሳት ለአስታማሚው የመጀመሪያው ፈተና ነው። የታማሚው እግሮች መሬት ረግጠው ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው ራሳቸው እንዲገፉ ይደረግ። አስታማሚው በደከመው ጎን ይቁም። ወገባቸው ላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ መቀነት ጥሩ መያዣ ነው። በስትሮክ የደከመን ክንድ ይዞ መጎተት ግን ትከሻውን ከቦታው ሊያናጋና ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም። ዝቅተኛ መደብ ለመነሳት አስቸጋሪ በመሆኑ በፍራሽ ወይም በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ማድረግ፣ ለመጸዳጃም መሐሉ የተቀደደ ወንበር ማዘጋጀት ይጠቅማል።

ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው ጎን እጅ እንጂ ብዙዎች እንደሚያደርጉት በታመመው ጎን አይደለም። ቁመቱ ታማሚው ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲለቁ አንጓቸው ላይ የሚደርስ ይሁን። የእረኛ ዱላም ሆነ የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ለዚህ ይረዝማል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር፣ ሲወርዱ የታመመው እግር ይቀድማል።

እንቅስቃሴው በቀን አንድ ጊዜ ረጅም ከሚሆን ብዙ ጊዜ አጭር ቢሆን ይመረጣል። ባለሙያው የፈቀደው የመነሳትና የመቀመጥ ልምምድ በቡና ሰዓት በአቦል፣ በቶናና በበረካ መካከል ቢሠራ ሳይረሳ ይከናወናል። ምግብና መጠጥ ተቀምጠው እንጂ ተኝተው አይሰጥ፤ ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ለሐኪም ይነገር። መነሳት ያልቻሉትን በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን መለወጥና ተረከዝና ዳሌያቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ነው።

ስለ ወጌሻም በግልጽ መነገር አለበት። ወጌሻ በማኅበረሰባችን የተከበረ ነው፤ ቤተሰብም ከሆስፒታል ይልቅ ወደ እርሱ ቢሮጥ አያስደንቅም። ነገር ግን የወደቁ አረጋዊ መቆም ካቃታቸው፣ እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ የዳሌ ስብራት ሊሆን ስለሚችል መጎተትም ሆነ ማሸት አይገባም። አጥብቆ የታሰረ መቃ ደም ዘግቶ እግርን እስከማስቆረጥ ያደርሳል።

እድሮች ለኀዘን ድንኳንና ድስት እንደሚያቀርቡት ሁሉ አንድ ተሽከርካሪ ወንበርና አንድ የመራመጃ ድጋፍ ገዝተው ለአባሎቻቸው ቢያውሱ ወጪው ለእድሩ የሚከብድ አይመስለንም። የአስታማሚው ወገብም ሊታሰብለት ይገባል። ሲያነሳ ጉልበቱን አጥፎ፣ ታማሚውን ወደ ራሱ አቅርቦ ያንሳ፤ ከባድ ሰውን ብቻውን አይሸከም፤ ሌሊቱንም ሌላ የቤተሰብ አባል ይተካው።

የአንድ እግር ባት ድንገት አብጦ ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተወጋ፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ እንቅስቃሴው ወዲያውኑ ይቁም፤ ታማሚውም ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይወሰዱ።