ያለ አየር የሚኖር ወተት፣ ያለ አየር የማይኖር አንጎል

በሶማሌ ክልል፣ ሸደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የአካባቢው ልጆችና በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተው የስደተኞች ጣቢያ የሚመጡ ናቸው። ሕዋስ ጉልበት የሚያገኝበትን መንገድ ሳስተምር የምጀምረው ሁሉም ከሚያውቁት ከዳናን፣ ማለትም ከኮመጠጠ የግመል ወተት ነው።

አንዲት ወተት ሻጭን «ኤዶ (አክስቴ)፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» ብዬ ጠይቄያቸው አሳይተውኛል። ዕቃውን አጥበው በፍም ጢስ አጠኑት። ትኩሱን ወተት ሞሉበት፣ ክዳኑን ገጥመው በጨርቅ ጠቀለሉት፣ ሞቅ ያለ ጥግ አስቀመጡት። በማግስቱ ሲከፈት ጠረኑ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

በዚያች ሌሊት ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ሲሰባብሩ አድረዋል። እያንዳንዱን ግሉኮስ ለሁለት ይሰነጥቁና 2 ኤቲፒ ያተርፋሉ። ኤቲፒ ማለት ሕዋስ ለሥራው ሁሉ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ነው። ለዚህ ኦክስጅን አያስፈልጋቸውም። የሚቀረው ላክቲክ አሲድ ወተቱን ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣነቱም ብዙዎቹን አበላሽ ተሕዋስያን ስለሚገታ ወተቱ በሙቀት ሳይበላሽ ይቆያል።

በእኛ ሕዋስ ውስጥም የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ነው። ኦክስጅን ሲኖር ግን የግሉኮሱ ስንጣሪዎች ሚቶኮንድሪያ ወደሚባለው የሕዋስ ክፍል ይገባሉ። ካርቦናቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። ኤሌክትሮኖቻቸውን ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ያሳልፏቸዋል፤ በመጨረሻ የሚረከባቸው ኦክስጅን ነው፤ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶም ውሃ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ወደ 30 ኤቲፒ ይደርሳል። እንግዲህ የምንተነፍሰው ለእነዚያ ኤሌክትሮኖች ተረካቢ ለማቅረብ ነው። ተረካቢው ከጠፋ መስመሩ በሙሉ ይቆማል።

ልጆቹ ሜዳውን በሙሉ ኃይላቸው ሲሮጡ ጡንቻቸው ኦክስጅን የማይፈልገውን አጭሩንም መንገድ ይጠቀማል፤ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ፈጣን ነውና። ያን ጊዜ ላክቴት ይጠራቀማል። ብዙ ሰው የማግስቱን የጡንቻ ሕመም በእሱ ያሳብባል፤ ትክክል አይደለም። ላክቴት ከሩጫው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከደም ይጠራል። ልብ ነዳጅ ታደርገዋለች፣ ጉበትም መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። የማግስቱ ሕመም ያልለመዱት ሥራ በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚያደርሰው ጥቃቅን ጉዳት የሚመጣ ነው።

ጡንቻ ለአፍታ ኦክስጅን ቢያጥረው ይችላል፤ አንጎል አይችልም። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ስናርፍ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ከተቋረጠበትም ይጎዳል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ሁልጊዜ የምቋጨው በከሰል ነው። በዝግ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ያኔ ሳንባ አየር እየሳበ ሕዋሳት ይታፈናሉ። ብርድ በሆነ ሌሊት ከሰሉን ውጭ አውጥታችሁ ተኙ፤ ለወላጆቻችሁም ንገሩ።