ርካሹ የቅንጦት አውቶሞቢል ለምን ውድ ይሆናል?

ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት ማብቂያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከቴፒ ስልክ ደወለልኝ። ቤተሰቡ የዓመቱን ቡና ሸጦ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟል። «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቶዮታ ቪትዝ ባነሰ ዋጋ አንድ ያገለገለ የጀርመን የቅንጦት አውቶሞቢል አግኝቻለሁ። አባቴንም በየወሩ ለሕክምና ወደ ጅማ አመላልስበታለሁ። ብገዛው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ጥያቄው የገበያ ጉዳይ ቢመስልም፣ የመልሱ አብዛኛው ክፍል ግን ፊዚክስ ነው። ውድ አንባብያን፣ ለእርሱ የሰጠሁትን ማብራሪያ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

እንደሚታወቀው እንደ መርሴዲስ ሲ ክላስና እንደ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ያሉ አነስተኛ የቅንጦት አውቶሞቢሎች አዲስ ሳሉ እጅግ ውድ ናቸው፤ ሲያረጁ ግን ዋጋቸው ፈጥኖ ይወርዳል። የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በመሆኑም በገበያው የምናገኛቸው እነዚህ መኪናዎች አብዛኞቹ ቀደም ብለው የገቡና ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው።

የሰንሰለቱ ሕግ

አንድ መኪና እንዲንቀሳቀስ ብዙ ክፍሎች በአንድነት መሥራት አለባቸው። ከእነርሱ አንዱ ሲበላሽ መኪናው የሚቆም ከሆነ ክፍሎቹ በተከታታይ ተያይዘዋል እንላለን፤ በአንድ ሽቦ ላይ እንደተደረደሩ አምፖሎች ማለት ነው። የጠቅላላው አስተማማኝነት የእያንዳንዱ ክፍል አስተማማኝነት ብዜት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ያረጀ ክፍል ዓመቱን ሳይበላሽ የመጨረስ ዕድሉ 97 ከመቶ ነው እንበል። ቀላሉ መኪና እንዲህ ያሉ 30 ወሳኝ ክፍሎች ቢኖሩት፣ 0.97 ሠላሳ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.40 ይሆናል። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ካምቢዮ፣ ብዙ ሴንሰሮችና መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች ያሉት የቅንጦት መኪና 100 ወሳኝ ክፍሎች ቢኖሩት ደግሞ ውጤቱ 0.05 ብቻ ነው። ይህም ማለት ከ100 እንዲህ ያሉ መኪናዎች ዓመቱን ሳይቆሙ የሚዘልቁት 5 ያህሉ ናቸው። የቀሩት በአማካይ በየአራት ወሩ አንድ ጊዜ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ክፍል ጥራት ያለው ሆኖ ሳለ መኪናው በብዛቱ ምክንያት ደካማ ይሆናል።

ሙቀትና ከፍታ

የስዊድኑ ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬንየስ እ.ኤ.አ. በ1889 የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር አሳየ። በግምት ሲነገር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብዙ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። በኮፈኑ ሥር ያሉ ጎማዎችና ፕላስቲኮችም የሚያረጁት በዚሁ ሕግ ነው። በጭቃማ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ሞተሩ በኃይል ይሠራል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ግን ጥቂት ነው። በቡናው አገር የክረምት መንገድ ላይ መኪና ቶሎ የሚሞቀው ስለዚህ ነው።

ለዚህ የታወቁ ማስረጃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተመረተው የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ትውልድ ላይ የፕላስቲክ ማቀዝቀዣ ክፍሎች በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ በተመረቱ አንዳንድ የመርሴዲስ ሞዴሎች ደግሞ የሞተሩ ሽቦዎች ልባስ በሙቀት ደርቆ ይረግፋል። ልባሱ የረገፈ ሽቦ ባለበት እርጥበት ሲጨመር ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92። ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ግን በጤናቸው ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራሉ። ታዲያ ውኃው የማይፈላው ለምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝና የመፍያ ነጥቡን ከ115 ዲግሪ በላይ ከፍ ስለሚያደርገው ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱ ካመለጠ ወይም አንድ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ሞተር በራሱ የሥራ ሙቀት ውኃውን ያፈላዋል። ከዚያም ቴስታታው ይጣመማል። በአንዲት ትንሽ ጎማ ምክንያት የተጀመረው ብልሽት በሞተር እድሳት ይጠናቀቃል።

ርቀትም የመኪናው አካል ነው

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ አሮጌ የቅንጦት መኪና ነበረኝ። ይበላሽ ነበር፤ ግን መለዋወጫው በማግሥቱ ይደርሳል፣ በሁለተኛው ቀንም መኪናዬን እረከባለሁ። መሐንዲሶች ለዚህ ቀላል ቀመር አላቸው፦ መኪናው ለአገልግሎት ዝግጁ የሚሆንበት ድርሻ ሳይበላሽ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ፣ ለዚሁ ጊዜና ለጥገናው ጊዜ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው።

በየ120 ቀኑ የሚቆም መኪና በ2 ቀን ከተጠገነ ድርሻው 120 ለ122፣ ማለትም 98 ከመቶ ነው። ያው መኪና ቴፒ ላይ ቆሞ፣ መለዋወጫው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ ተፈልጎ ወይም ከውጭ ታዝዞ 30 ቀን ቢፈጅ ድርሻው 120 ለ150፣ ማለትም 80 ከመቶ ይሆናል። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ለተማሪዬ አባት ሲተረጎም በዓመት ካሉት 12 የሕክምና ቀጠሮዎች ከሁለት የሚበልጡት ያልፋሉ ማለት ነው። ይህም መኪናው በሚዛንና በቦንጋ አልፎ ጅማ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቆምበትን ቀን ሳይጨምር ነው።

ሒሳቡን እንዴት እንሥራ?

የመኪና እውነተኛ ዋጋ የተገዛበት ብቻ አይደለም። መግዣው ሲደመር ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ጥገናና ቆሞ በሚውልባቸው ቀናት ለሌላ መጓጓዣ የሚከፈለው፣ ሲቀነስ መሸጫው ነው። አንዱ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ ሌላው 10 ሊትር ቢጠጣ፣ በዓመት በሚነዱት 10,000 ኪሎ ሜትር ልዩነቱ 400 ሊትር ነው። በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዝታችሁ ተመልከቱት።

ከመግዛት በፊትም ሦስት ነገሮችን ማድረግ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጎማውንና የውኃውን መልክ ማየት፤ በሞቀበት ሰዓት መክፈት ግን ለቃጠሎ ይዳርጋል። ሁለተኛ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የራዲያተርና የካምቢዮ መቆጣጠሪያ ዋጋ መጠየቅ። ሦስተኛ፣ መኪናው በሚኖርበት ከተማ ያሉትን መካኒኮች ይህን ዓይነት ጠግነው ያውቁ እንደሆነ መጠየቅ።

ተማሪዬ ሦስተኛውን አስቀደመ። በቴፒና በሚዛን ጋራዦችን ጠየቀ፤ አብዛኞቹ «ይህ ኮምፒዩተር ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው» አሉት። መኪናውን አልገዛም። አባቱ ዛሬም ወደ ጅማ የሚሄዱት በሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ጉዞው ለታመመ ሰው አይመችም፣ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ እስካሁን አንድም ቀጠሮ አላለፋቸውም፤ የቡናው ገንዘብም በእጃቸው ነው። የአንድ ማሽን አስተማማኝነት በማሽኑ ላይ ብቻ ተጽፎ አይገኝም፤ በሚሠራበት መንገድ፣ በአየሩና በጠጋኙ እጅ ጭምር የሚወሰን ነው።