ለቮልሳችን ጠንከር ያለ ዲናሞ

ቮልስ በአገራችን ታሪክም ትዝታም ያላት መኪና ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የብዙ አስተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ የመጀመሪያ መኪና ሆናለች። የድሮው ዓይነት ቮልስ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) ክረምት ነው። ስለዚህ ዛሬ በመንገድ ላይ የምናያቸው ወይ በውርስ የተገኙ ወይ በፍቅር የተያዙ ናቸው።

የኛዋ የውርስ ናት። የባለቤቴ አባት የተዉልን እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል፣ ቮልስ 1300። አማቴ የሚኖሩት ጎጆ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ በቡራዩ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርገን ጊንጪ ላይ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። ጎጆ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ደጋ፣ በክረምት ጉም መንገዱን የሚሸፍንበት አገር።

ባለፈው ክረምት አማቴ የደም ግፊት ክትትል ስለነበራቸው ወደ አምቦ እናመላልሳቸው ነበር። መመለሻው ይመሽብናል። በጉም ውስጥ ቀስ ብለን ስንሄድ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ባለቤቴ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ እንደ ኩራዝ ይሆናል፣ የዝናብ መጥረጊያውም ይጎተታል። አንድ ቀን አማቴ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ወይ መብራቷን አሠሩ፣ ወይ እኔን በቀን ብቻ ውሰዱኝ» አሉ። ባለቤቴ ግን የአባቱ መኪና አንድ ብሎን እንዲለወጥባት አይፈልግም። ቤታችን ውስጥ ክርክሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ዲናሞው ሁለት ሥራ አለው

ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድን። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቮልስ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያስረዱን ነገር ለብዙ ባለ ቮልስ ይጠቅማል። ቮልስ ራዲያተርም ውኃም የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ የታሰረው ደግሞ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ዲናሞው ከነከሰ መብራት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ሞተሩም ማቀዝቀዣ ያጣል።

«ስለዚህ እህቴ፣ ቮልስ ላይ ዲናሞ መለወጥ አምፖል እንደመለወጥ አይደለም» አሉኝ።

ቀጥለው ወረቀት አውጥተው አሰሉልን። እንደኛዋ ባለ 12 ቮልት ቮልስ ላይ የሚገኘው የድሮው ዲናሞ 30 አምፔር ይሰጣል። ሁለቱ የፊት መብራቶች በረጅሙ 90 ዋት፣ የኋላ፣ የታርጋና የዳሽቦርድ መብራቶች 30፣ የዝናብ መጥረጊያው 40፣ ኮይሉ 40፤ በድምሩ 200 ዋት፣ ማለትም ወደ 14 አምፔር ነው። በወረቀት ላይ ይበቃል። ባለቤቴ እንዳሰበው ሃሎጂን አምፖልና ሁለት የጉም መብራት ብንጨምር፣ ሬዲዮና የስልክ ቻርጀር ሲታከልበት፣ ወደ 26 አምፔር ይደርሳል። ፍሬን ሲያዝ ሌላ 3 አለ። ለባትሪው የሚተርፍ የለም ማለት ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ዲናሞው 30 አምፔሩን የሚሰጠው ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ከምንም አይቆጠርም፤ መብራቱ የሚበላው ባትሪውን ነው። በጉም ውስጥ ቀስ ማለት፣ ማታ ቡራዩ መግቢያ ላይ ተሰልፎ መቆም፣ ሁሉም ከባትሪ የሚወሰድ ዕዳ ነው። አልተርኔተር ግን በዝግታ ዙርም ኃይል ይሰጣል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ከ50 እስከ 55 አምፔር የሚሰጥ አልተርኔተር ማስገባት ጀምሯል። ይህን ሲሰማ ባለቤቴ ትንሽ ለዘብ አለ።

መጀመሪያ ሽቦው

እኚህ ሰው ግን ወዲያው አልተርኔተር ግዙ አላሉንም። በመለኪያቸው ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አገኙ፤ አምፖሉ ጋ ሲለኩ 11.2 ብቻ። የቀረው በዛገ ሽቦና በላላ የአካል መሬት መንገድ ላይ ቀርቷል። የመሬት ሽቦዎቹን ፍቀው አሰሩ፣ ለፊት መብራቶቹ ሪሌ አስገቡ። በዚህ ብቻ መብራቱ ጠራ። ብዙ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያስለካ ገንዘቡ ይተርፍለታል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን መብራቱ አሁንም ይደክማል፤ ስለዚህ ወደ አልተርኔተሩ አለፍን።

ባለቤቴ 55 አምፔር የሚሰጠውን ከነሙሉ ዕቃው መርካቶ ሶማሌ ተራ አገኘ። «ከነሙሉ ዕቃው» የሚለው ቁም ነገር ነው። ከሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት እግር፣ የሚያስረው ቀለበትና ከማራገቢያው ቤት ጋር የሚያገናኘው ሳህን ከድሮው ዲናሞ ይለያሉ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው የድሮ ሬጉላተር ወጣ፤ አዲሱ የራሱ አለው። ወደ ባትሪ የሚሄደው ሽቦም በወፍራም ተተካ፤ ለ30 አምፔር የተሠራ ሽቦ 55 ሲያልፍበት ሊግል ይችላል።

እኔ የጠየቅሁት ስለ ጉልበት ነበር። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ጎጆ ስትደርስ ሩቡን ያህል ታጣለች። አልተርኔተሩ ይህንኑ ይሻማል ወይ? መልሳቸው አጭር ነበር፤ የሚወስደው የምናበራውን ያህል ብቻ ነው፣ ሙሉ 55 አምፔር ቢሰጥ እንኳ 770 ዋት፣ ከአንድ የፈረስ ጉልበት ትንሽ በላይ ነው። ብክነቱ ቢጨመርበትም ዳገት ላይ አይታወቀንም።

የባለቤቴም ጭንቀት መላ ተገኘለት። ምንም ነገር አልተቆረጠም፣ አልተበሳም። የአባቱ ዲናሞ ከነእግሩና ከነሬጉላተሩ በግራሶ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በፈለገ ቀን ይመልሰዋል። አማቴ ዘንድሮ አምስት ጊዜ በማታ አብረውን ተጉዘዋል፤ ስለ መብራት አንድም ቀን አላነሱም።

ባለ ቮልሶች ልብ በሉ

ቺንጋውን በአውራ ጣታችሁ ስትጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። በጣም ከጠበቀ የአልተርኔተሩን ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ማራገቢያው በደንብ አይዞርም። መለዋወጫ ቺንጋና መፍቻ ከመኪናው አይለዩ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ፤ አልተርኔተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ክዳኑ መኖሩን አረጋግጡ፤ ልጆች ሲዘሉበት የወንበሩ ሽቦ ጫፎቹን ከነካ እሳት ያስነሳል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት እየሄዳችሁ ከበራች ደግሞ «ቤት ደርሰን እናየዋለን» አትበሉ። ወዲያው ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ቺንጋውን እዩ። እኛ ቤት ይህን የ9 ዓመት ልጃችን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ከአባቱ ቀድሞ የሚያያት እሱ ነው።