የሦስት ድንጋዮች ጎዳና

በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይላሉ አበው። ይህ ተረት በእኛ በአዲስ አበባ ነዋሪዎች ላይ በሚገባ ሲፈጸም እናያለን። አክሱምንና ላሊበላን ለመሳለም ዓመት ሙሉ ገንዘብ የምናጠራቅም ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን ከከተማችን በስተ ደቡብ በቡታጅራ ጎዳና የሚገኘውን፥ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታየውን የታሪክ ሀብት ሳናይ ጠጉራችን የሸበተ ጥቂቶች አይደለንም።

እኛም ከእነዚሁ መካከል ነበርን። ስለ መልካ ቁንጡሬና ስለ ጢያ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር ሃያ ዓመት ያህል አልፎናል። አንድ ማታ ግን የ9 ዓመት ልጃችን የትምህርት ደብተሯን ይዛ መጥታ፥ «አባባ፥ እርስዎ አይተውታል?» ብላ ብትጠይቀን መልስ አጣን። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጉዞው የማይቀር ሆነ።

ስለዚህም በወርኃ ጥቅምት፥ በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ፥ ከወንድማችን በውሰት ባገኘናት አሮጌ መኪና አምስት ሆነን ተሳፈርን፤ ይኸውም እኛ፥ የቤታችን እመቤት፥ 14 ዓመት የሆነው ወንዱ ልጃችን፥ ጠያቂዋ ታናሺቱና ሰባ ዓመት ያለፋቸው ወላጅ እናታችን ነን። እናታችን ከመነሣታችን በፊት፥ «ድንጋይ ለማየት ብሎ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብለው ነበር፤ ነገር ግን ከሁሉ ቀድመው ከመኪናው ውስጥ የተቀመጡት እርሳቸው ነበሩ። ጊዜው ወርኃ ጽጌ ስለሆነና ሁለቱ እመቤቶች የጽጌን ጾም የሚጾሙ ስለሆኑ፥ በአገልግሉ ውስጥ የተሰናዳው የሱፍ ፍትፍትና ቆሎ ነበር። ወንዱ ልጃችን ክዳኑን ከፍቶ ካየ በኋላ ጉዞው አጭር እንዲሆን ተመኘ።

ዓለም ገናን አልፈን ጤፉ ወደ ብጫነት ባዘነበለበት ሜዳ ስንገሰግስ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩን ፈልገን ስኮርታውን ብናወርድ እርሱም ነፋስ የሌለበት ሆኖ ተገኘ። ጎሚስታ እስኪገኝ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በመንገዱ ዳር ተቀመጥን፤ ቆሎውም በዚያው አለቀ። እንዲህ ያለው ችግር ቤተ ሰብን ያጣላል ቢባልም፥ እኛ ግን ከዚህ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ሥራ አብረን የተቀመጥንበትን ቀን ለማስታወስ አልቻልንም።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳርና ዳር ይገኛል። ቦታውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ለሊቃውንት ያስታወቀው የውሃ ጥናት ባለሙያ የነበረው የሆላንድ ተወላጅ ጄራርድ ደከር ነው። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መራ፤ ከእርሱም በኋላ የኢጣልያ ሊቃውንት ቀጠሉት። በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ሐምሌ መልካ ቁንጡሬና አጠገቡ ያለው ባልጪት በአንድነት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ።

ቤተ መዘክሩ በአገራችን ጎጆ አምሳል የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። በውስጣቸው የጥንት ሰዎች የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎችና የአራዊት አጥንቶች ተደርድረዋል። አስጐብኚው ከመካከላቸው አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ እያመለከተ በእንግሊዝኛ ስሙ ሊያስረዳን ሲጀምር፥ እናታችን ነጠላቸውን ሰብስበው ቀረቡና፥ «ልጄ፥ ይህ ባልጩት አይደለም እንዴ?» አሉት። ቀጥለውም በልጅነታቸው ዘመን ራሱን የታመመ ሰው ግንባሩን በባልጩት ይበጣ እንደነበር፥ የሕፃናት ጠጉርም በእርሱ ይላጭ እንደነበር፥ ስለቱ ከምላጭ እንደሚበልጥ፥ ነገር ግን የያዙት እንደሆነ የራስን ጣት እንደማይምር አስረዱ። አስጐብኚው ደስ ብሎት፥ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ባልጪት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ መሆኑን፥ የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በላይ አስቀድመው በዚህ ድንጋይ መጠቀማቸውን፥ በአካባቢው ያሉ ቆዳ ፋቂዎችም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእርሱ ይሠሩ እንደነበር ነገረን። ድንጋይ ለማየት ነዳጅ አይቃጠልም ያሉት እናታችን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጉዞው መሪ ሆኑ።

ልባችንን የነካው ግን ጎምቦሬ ከሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ የተገኘው ነው። በዚያ 700 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው ጭቃ ላይ የጉማሬና የአዕዋፍ ዱካ፥ ከእነርሱም ጋር የሰዎች እግር ምልክት ተገኝቷል። ይህም ግኝት በ2010 ዓ.ም. ለዓለም ሊቃውንት ታትሞ ተገልጧል። ከእግሮቹ አንዳንዶቹ የትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ገና ድክ ድክ የሚሉ የሕፃናት ናቸው። ያ ቤተ ሰብ ሕፃናቱን ይዞ ወደ ውሃው ዳር ወረደ፤ እኛም ከነልጆቻችን በዚያው ውሃ ዳር ቆምን።

በዚህ ጊዜ ታናሺቱ እጃችንን ጎተተችና፥ «አባባ፥ ይህ ሕፃን ከአዳም በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለችን።

አስጐብኚው ጫማውን ተመለከተ። የቤታችን እመቤት እኛን ተመለከቱ። እኛ ከየኔታ እግር ሥር ባሕረ ሐሳብን የተማርን ሰው ነን፤ ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ብለን እንቈጥራለን። በትምህርት ቤት ደግሞ ሉሲ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላት እናስተምራለን። እነዚህን ሁለቱን ቍጥሮች በሁለት ኪሳችን ለየብቻ ይዘን ስንኖር፥ ተገናኝተው እንዲነጋገሩ ፈቅደንላቸው አናውቅም ነበር። ደግሞም ልጅ ሳለን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጠይቀን ያገኘነው መልስ ኵርኵም እንደነበር ትዝ አለን። ኵርኵሙ አፋችንን ዘጋው፤ ጥያቄውን ግን አልገደለውም። ከእኛ ጋር በዚያን ጊዜ ዝም ከተሰኙት ባልንጀሮቻችን አንዳንዶቹ ከጥያቄአቸው ጋር ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ቀርተዋል።

ስለዚህ፥ «ጥያቄሽ መልካም ነው፤ እኛም አናውቀውም፤ አብረን እንፈልገዋለን» አልናት። ወንዱ ልጃችን፥ «እማዬ፥ አባባ አላውቅም አሉ!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ በቤታችን አዲስ ስለነበረ ሁላችን ሳቅን።

ከዚያ ወጥተን ጥቂት እንደተጓዝን ከዋናው ጎዳና ወደ ቀኝ በጥርጊያው መንገድ ታጥፈን ወደ አዳዲ ማርያም ደረስን። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች ከሩቅ አትታይም፤ ዙሪያዋ ቦይ ሆኖ የተቈረጠ ነው፤ ወደ ደጃፏም የሚደረሰው ወርደው ነው። ቅዱስ ላሊበላ ዝቋላን ለመሳለም በመጣ ጊዜ እንዳሠራት ይነገራል። ከአለት ተፈልፍለው እስከ ዛሬ ቅዳሴ ከሚቀደስባቸው አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ደቡባዊቷ ናት ይሏታል። በየወሩ በ21 ቀን ምእመናን ይሰበሰቡባታል፤ በዚያች ቅዳሜ ግን ጸጥታ ነበር። በግድግዳው ላይ የጠራቢዎቹን የመሮ ምልክት በእጃችን ዳሰስን።

ታናሺቱ መስቀል ከተሳለመች በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለሽማግሌው ካህን አቀረበች። እኛ አፈርን፤ ካህኑ ግን አልተቈጡም።

«ልጄ፥ ያ ሕፃን ብቻውን ነበር?» አሏት።

«የለም አባ፤ ትልልቅ ሰዎች አብረውት ነበሩ።»

«እንግዲያው ጠባቂ ነበረው። ዘመኑን ዘመንን የፈጠረ ያውቀዋል። አንቺ ግን መጠየቅሽን አትተዪ፤ ስትጠይቂ ደግሞ እዚህ መጥተሽ ጠይቂ» አሏት።

ይህ የዓመታቱን ቍጥር የሚፈታ መልስ አይደለም፤ ካህኑም እንደዚያ አላሉም። ነገር ግን ‹እዚህ መጥተሽ› ያሉት ቃል ከብዙ ትርጓሜ በለጠብን። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሮቻችን አንዱን ቃል ተርጕመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላውን ፍች ከጎኑ ያስቀምጡ ነበር። አንድም ማለት እምነትን መጠራጠር አይደለም፤ ነገሩ ከአንድ ሰው አእምሮ እንደሚሰፋ መመስከር ነው። በትርጓሜ ቤት ‹አንድም› ብሎ ያደገ ሰው የልጁን ጥያቄ በኵርኵም የሚመልስ ከሆነ፥ የተማረውን ንባብ እንጂ ልማዱን አልያዘም ማለት ነው። ይህንንም ለራሳችን ተናግረን ወደ መኪናችን ተመለስን።

ጢያ የደረስነው ፀሐይ ካዘነበለች በኋላ ነው። በጉራጌ አገር፥ በሶዶ፥ በዋናው ጎዳና አጠገብ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ከእነዚህ 32ቱ ልዩ ልዩ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፉት በ1972 ዓ.ም. ነው። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ይታያል። ታናሺቱ ሰይፎቹን ስትቈጥር፥ ወንድሟ ቁመቱን ከድንጋዮቹ ጋር ያስተያይ ነበር።

የአገሩ ሰው ድንጋዮቹን የግራኝ ድንጋይ ይላቸው እንደነበር ተጽፏል። ነገር ግን ከሥራቸው የተቈፈረው መቃብር ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን ሊቃውንት ገልጠዋል፤ አሕመድ ግራኝ ግን የሞተው በ1535 ዓ.ም. ነው። ወንዱ ልጃችን ቀንሶ፥ «ታዲያ ሳይወለድ ነው የተከላቸው?» አለ። እዚህ ላይ ቍጥሩ አከራካሪ ስላልነበረ በደስታ አመሰገንነው።

በመቃብሮቹ የተገኙት ሙታን አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የነበሩ ወጣቶች ናቸው። አስጐብኚው ይህን ሲነግረን እናታችን ወሬአቸውን አቋረጡ። ነጠላቸውን አጣፉና፥ «የማን ልጆች ይሆኑ? ነፍስ ይማር» አሉ። ስማቸውንም፥ ቋንቋቸውንም፥ ሃይማኖታቸውንም አልጠየቁም። እኛ ስለ ጢያ ሃያ ዓመት ስናስተምር 36ና 32 የሚሉትን ቍጥሮች ለፈተና አስጠንተን ነበር፤ ከድንጋዩ ሥር የሰው ልጅ እንዳለ ግን ያስተማሩን ማንበብ የማይችሉት እናታችን ናቸው።

ክቡራን አንባብያን፥ ወደዚህ ጎዳና ለመውጣት የሚፈልግ ቤተ ሰብ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢነሣ ይመረጣል፤ የአዳዲ መንገድ በጭቃ ጊዜ ያስቸግራልና። ስለ መንገዱ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ፥ መታወቂያና ዝርዝር ገንዘብ መያዝ፥ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባውን ልብስ መልበስ፥ ፎቶግራፍም ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ይገባል። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው ማየትም አይረሳ። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጅና አሮጊት በሌሉበት ቤተ መዘክር አንዱ ጠያቂ፥ አንዱም መላሽ ጎድሏል።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ታናሺቱ በአያቷ ጉልበት ላይ ተኝታ ሳለች በመካከል ነቃችና፥ «አባባ፥ ፍለጋውን መቼ እንጀምራለን?» አለችን። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ» አልናት። እሑድም ከቅዳሴ ስንመለስ መጽሐፍ ቅዱሱንና የታሪክ መጽሐፏን በአንድ ገበታ ላይ ዘርግታ ስትጠብቀን አገኘናት።