ግቢዬ ላይ የምርጫ ሰሌዳ ብተክል ማን ይከለክለኛል?

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ በየምርጫው ሰሞን ከምትጠይቁኝ አንዱ ይኸው ነው፤ "ሰሌዳህን ንቀል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ልንቀለው?"

መጀመሪያ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ እዩ። ከማዘጋጃ ቤት ከሆነ፣ ነገሩ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማርጋሬት ጊሊዮ ሚዙሪ ውስጥ፣ ላዱ በምትባል ከተማ፣ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ሰሌዳ ግቢዋ ውስጥ ተከለች። ተሰረቀባት። ሌላ ብትተክል እሱም ተገንድሶ ተገኘ። ለፖሊስ ስታመለክት የተነገራት፣ ሰሌዳ መትከሉ ራሱ ክልክል መሆኑ ነው! ከተማውን ከሰሰች። በ1994 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላት። በ2015 ደግሞ በአሪዞናው የጊልበርት ጉዳይ፣ ሰሌዳን በመልእክቱ ይዘት እየለየ መጠኑንና ጊዜውን የሚገድብ ደንብ ውድቅ ሆነ።

ከተማው ግን ምንም ማድረግ አይችልም ማለት አይደለም። ለሁሉም ሰሌዳ እኩል የሚሠራ የመጠን ገደብ ማውጣት ይችላል። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለችው ሣርም፣ የምታጭዷት እናንተ ብትሆኑም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ይዞታ ናት።

ደብዳቤው ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ከኤችኦኤ፣ ከሆነስ? ማኅበሩ መንግሥት ስላልሆነ የሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነት ብዙም አያግዛችሁም። የስቴታችሁን ሕግ ተመልከቱ። ለምሳሌ የቴክሳስ ሕግ ከምርጫው 90 ቀን በፊት ጀምሮ ምርጫው ካለፈ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ፣ በተወሰነ መጠን፣ ይፈቅዳል።

ደብዳቤውን አትጣሉት። ሰሌዳውን በቦታው እንዳለ ፎቶ አንሱት፤ የይግባኝ ቀኑ ሳያልፍም ጠበቃ አማክሩ።