አልፈታ ያለ ብሎን፤ ለባለ ምድጃና ለባለ ሱቅ የሚሆን ትምህርት

በብረታ ብረት መደብር ውስጥ ከተደረደረው ሸቀጥ መካከል በዋጋ እጅግ ከሚያንሱት አንዱ ብሎን ነው። ስለዚህም ብዙ ባለሱቅ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አደባልቆ ያስቀምጠዋል፤ ደንበኛም ሲጠይቀው በእጁ ዘግኖ የመሰለውን ይሰጠዋል። ነገር ግን ይህ ትንሽ ዕቃ በትክክል ያልገባ እንደ ሆነ፣ ወይም ከገባበት አልወጣም ያለ እንደ ሆነ፣ ከርሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን መሣሪያ ሥራ ያስፈታል። በአዲስ አበባ የደረሰው የሚከተለው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ አንዲት እመቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራቸው። ይኸው ምጣድ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ አልግል አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ሲመረምረው በሸክላው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ የተበላሸው ገመዱ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ብቻ ነበር። በዚያ ገመዱን አጥብቆ የሚይዘው ብሎን ከነዳዶው ጠቁሮና ዝጎ እንደ አንድ ብረት ሆኗል። ከዚህም በላይ፣ ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት የጎረቤት ልጅ ሊረዳ አስቦ በ13 ቁልፍ ታግሎ ኖሮ፣ የዳዶው ስድስት ማዕዘን ተበልቶ ክብ ወደ መሆን ደርሷል።

እመቤቲቱም፣ «ልጄ፣ እንጀራው ዛሬ ማታ ካልደረሰ ደንበኞቼ ወደ ሌላ ይሄዱብኛል፤ መዶሻ አምጣና ምታው» አሉት። ሠራተኛውም፣ «እትዬ፣ መዶሻ ብሎኑን ሳይሆን ሸክላውን ነው የሚፈታው። አንድ ሌሊት ይታገሡኝ» ሲል መለሰላቸው። እመቤቲቱም ቅር እያላቸው የዕለቱን እንጀራ በእንጨት ምድጃ ለመጋገር ተሰናዱ።

ብሎን በምድጃ ላይ ለምን እንዲህ ይጣበቃል? አንድ የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ኃይል የሚስብ ሲሆን፣ በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ያህል ያልፍበታል። ገመዱ በብሎኑ በደንብ ካልተጠበቀ መገናኛው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሙቀቱም ዝገትን ያፋጥናል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ዳዶውን ከብሎኑ ጋር ይቈልፈዋል። ከሊጡ የሚነሣው እንፋሎትና የሚንጠባጠበው ኮምጣጣ እርጥበት ደግሞ በየቀኑ ይህን ያባብሰዋል።

ሠራተኛው የፈጸመው ሥራ በቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ማብሪያውን በማጥፋት ብቻ ሳይወሰን ገመዱን ከመስመሩ ፈጽሞ ነቀለ፤ ምጣዱም እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ በሽቦ ብሩሽ ከዳዶው ውጭ የቀሩትን ጥርሶች ጠረገ፤ ዳዶው ሲወጣ በነዚሁ ላይ ማለፍ አለበትና። ቀጥሎም ነጭ ጋዝ በላባ ጫፍ እየነከረ ጥቂት ጥቂት ጠብታ በዳዶውና በብሎኑ መካከል አኖረ። ቀጭን ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ የመሳብ ጠባይ ስላለው ሌሊቱን ወደ ውስጥ ዘለቀ። ሸክላው ግን ነጭ ጋዝ የነካው እንደ ሆነ ሽታውን ጠጥቶ ለእንጀራው ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ጨርቅ አነጠፈ። ይህ ሁሉ ሲደረግ በአጠገቡ እሳት እንዳይኖር አስቀድሞ ተጠንቅቋል።

በማግሥቱ የተበላውን ዳዶ ሁለት ትይዩ ጎኖች በሊማ ሞርዶ ለ12 ቁልፍ እንዲስማማ አደረገው። የብሎኑንም ራስ በሌላ ቁልፍ ያዘው፤ ምክንያቱም ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ የዞረ እንደ ሆነ ከርሱ ጋር የታሰረው የምጣዱ ሽቦ ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ከዚያም ወዲያው ለመፍታት አልታገለም፤ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ጥቂት ወደ መፍታት፣ እንደ ገናም ወደ ማጥበቅ እያለ የዝገቱን መያዣ ሰበረ። ዳዶው ሲጢጥ ብሎ መንቀሳቀስ በጀመረ ጊዜ ሌላ ጠብታ ጨመረለት፤ በመጨረሻም ወጣ።

ይህ ባይሳካ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረው፤ ይኸውም የዳዶውን አንድ ጎን በሴጌቶ እስከ ጥርሱ ድረስ ቈርጦ መክፈት ነው። በካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ራሱ የተበላ እንደ ሆነ ደግሞ በሴጌቶ አዲስ መሥመር አውጥቶ በሰፊ ካቻቢቴ መሞከር ይቻላል። ተሰብሮ በቀዳዳው ውስጥ የቀረ ብሎን መሐሉ ተነጥቦ በትራፓኖ ይበሳል፤ አዲስ ጥርስ ለማውጣት ለ6 ሚሊሜትር ብሎን 5 ሚሊሜትር፣ ለ8 ሚሊሜትር ብሎን 6.8 ሚሊሜትር የሆነ ፑንታ ያስፈልጋል። በእሳት አግሎ መፍታት በጋራዥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ነጭ ጋዝ በተነካ ብረት ላይ፣ እንዲሁም በቡታጋዝ ምድጃ ቧንቧና መክፈቻ ላይ ፈጽሞ የማይገባ ነው። የቡታጋዝ መገናኛ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ሲታሰር በሳሙና አረፋ ይፈተናል እንጂ በክብሪት አይፈተንም።

ለነጋዴዎች ዋናው ትምህርት የተገኘው ግን ዳዶው ከወጣ በኋላ ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ለይቶ ሲለካቸው ብሎኑ 8 ሚሊሜትር፣ ዳዶው ግን የ5/16 ኢንች ሆኖ ተገኘ። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊሜትር ስለ ሆነ በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን የ8 ሚሊሜትሩ ብሎን ጥርሶች በ1.25 ሚሊሜትር፣ የኢንቹ ዳዶ ጥርሶች በ1.41 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ጥርስ ከጥርስ ተጋጥሞ ይነክሳል፤ የሚያስረውም ሰው ጠበቀልኝ ብሎ ይተወዋል። በእውነቱ ግን ገመዱ አልተጠበቀም። መገናኛው የጋለውና የዛገው በዚህ ምክንያት ነበር። ማዕዘኑም የተበላው ስለዚሁ ነው፤ የ5/16 ዳዶ ስፋት 12.7 ሚሊሜትር ሲሆን በ13 ቁልፍ ሲያዝ ይሾልካል።

ይህ የልዩነት ነገር የቈየ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ዊትዎርዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841፣ በአሜሪካ ዊልያም ሴለርስ በ1864 የየራሳቸውን የጥርስ ልክ አቅርበዋል፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በሚሊሜትር ሠርተዋል። ዕቃው ከየአገሩ የሚመጣለት ገበያ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ስለሚቀበል፣ መለየት የባለ ሱቁ ግዴታ ይሆናል።

ስለዚህ ባለሱቅ የኢንቹን ከሚሊሜትሩ በየቆርቆሮው ለይቶ ያስቀምጥ፤ በጠረጴዛውም ላይ የጥርስ መለኪያ ይኑረው። ብሎን የሚጠይቅ ደንበኛ አሮጌውን ይዞ እንዲመጣ ያሳስበው፤ ብሎኑንና ዳዶውንም አጋጥሞ በጣቱ እስከ መጨረሻ አዙሮ ካየ በኋላ ይሽጥለት። አስመጪም ሲያዝ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን የጥርሱን ርቀትና የጥንካሬውን ደረጃ ጭምር በማዘዣው ላይ ይግለጽ። በብሎን ራስ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ቢታይ፣ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ሲደርስ የሚበጠስ፣ ከዚሁም በ80 በመቶው ቅርጹን መለወጥ የሚጀምር ማለት ነው። ሙቀት በሚበዛበት ስፍራ በዚንክ የተለበጠ ተራ ብሎን አይበረክትም፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና። በዚህ ዓይነት ስፍራ የማይዝግ ብረት፣ ከከፍተኛ ሙቀት የሚከላከል የኒኬል ቅባት ጥቂት ተቀብቶ ቢገባ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ችግር ይፈታል።

ሠራተኛው መገናኛውን ጠርጎና አድርቆ፣ ልኩ አንድ የሆነ ብሎንና ዳዶ ከሮንዴላ ጋር አስገብቶ አሰረው፤ ምጣዱም በዚያው ቀን ጋለ። እመቤቲቱም ደንበኛ አላጡም። የአንድ ቀን ድካማቸውና የሠራተኛው ሌሊት የመጣው ግን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከተደባለቀ ዳዶ ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የተጣበቀውን በትዕግሥት መፍታት የሠራተኛ ሙያ ነው፤ እንዳይጣበቅ አስቀድሞ ለይቶ መሸጥ ደግሞ የነጋዴ ሙያ ነው።